የባሕር ጭቃና የወሎ ደን ታሪክ

በ1900 ገደማ ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበረ የሚለው ቍጥር በየመጽሐፉና በየንግግሩ ሲደጋገም ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ኹሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ይህን ቍጥር የተቀበለ ሰው ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን የቦረና ተዳፋት ሲመለከት፥ ደኑን ያጠፋው የዛሬው ገበሬና የአባቱ ትውልድ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኵላል። የደንቆሮ ጫካ ተርፎ መታየቱም ፍርዱን የሚያጸና ይመስላል። ይኹን እንጂ ዜና መዋዕሎቻችን ስለ ዘመቻና ስለ ንግሥ እንጂ ስለ ዝግባና ስለ ጥድ የሚነግሩን ጥቂት ስለ ኾነ፥ ሌላ ምስክር መፈለግ ያሻል።

ቦረና ጭቃ ለዘመናት የሚጠራቀምበት ጥልቅ ባሕር የለውም፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይሰደዋል። ስለዚህ ቅርቡ ምስክር በዚያው በደቡብ ወሎ፥ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ የተባለው ባሕር ነው። ስፍራው በ13ኛው ምዕተ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ባስተማሩበት በእስጢፋኖስ ገዳም የታወቀ ነው። ሊቃውንት የገዳሙን ብራናዎች ሲመረምሩ፥ በአጠገቡ ከውኃው በታች ያለው ጭቃ ብዙ ዘመን ጠያቂ አላገኘም።

ጭቃ እንዴት ታሪክ ይጠብቃል? ነፋስና ጎርፍ የዛፎችን የአበባ ብናኝ በየዓመቱ ወደ ባሕሩ ያመጣሉ። ዲያቶም የሚባሉት፥ ቅርፊታቸው እንደ መስተዋት የኾነ ደቂቅ አልጌዎችም ሲሞቱ ይሰጥማሉ። ባሕሩ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ከታች ኦክሲጅን ያጥራል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ለስላሳውን አካል ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ የብናኙን ጠንካራ ቅርፊት ግን ማፍረስ ያቅታቸዋል። ጭቃውን የሚያገላብጥ ትልም ስለማይኖር፥ ንብርብሩ እንደ ተደረደረ ይቈያል።

ብናኝ ቈጥሮ የጥንቱን ደን የማወቅን ዘዴ ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 አቀረበ፤ ዕድሜን በራዲዮካርቦን መለካት ደግሞ ከ1949 ወዲህ በዊላርድ ሊቢ ሥራ ተቻለ። በ2003 ኢየን ዳርቢሻየር፥ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር በእነዚህ ዘዴዎች የሐይቅንና የአሸንጌን ጭቃ የመረመሩበትን ጽሑፍ አሳተሙ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በኹለቱም ባሕሮች ዙሪያ የነበረው የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው! ከዚያ በኋላ 1,800 ዓመት ያህል ክትክታና ሣር ሰፈነበት። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ግን ጥዱ ከወይራና ከቀወት ጋር እንደ ገና በቀለ፤ ኋላም ዳግመኛ ተመናመነ።

ደኑ የተመለሰው ምናልባት ሕዝቡ ስለ ተመናመነና ዝናቡ ስለ ጨመረ ሊኾን እንደሚችል ጸሓፊዎቹ ይገምታሉ። አንዳንዱ አንባቢ ወዲያው የግራኝ አሕመድን ጦርነት (1529–1543) ያስብ ይኾናል። ደኑ መመለስ የጀመረው ግን ከዚያ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለ ኾነ፥ የራዲዮካርቦን ልኬት ጥቂት ዐሥር ዓመታት ቢሳሳት እንኳ ጦርነቱ ብቻውን ምክንያት ሊኾን አይችልም።

የሐይቅን ምስክርነት እንዳለ ለቦረና መስጠት አይገባም፤ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት፥ ሐይቅ ግን ዝቅ ይላል። የቦረና አፈር ከ1966 ጀምሮ በሱዳን የሮዛይሬስ ግድብ ሲጠራቀም ኖሮ፥ ከ2020 ወዲህ በህዳሴው ግድብ ውኃ ውስጥ ይዘቅጣል። በዚያም ከሌላው የዓባይ ተፋሰስ አፈር ጋር ስለሚቀላቀል ለይቶ ማንበቡ አስቸጋሪ ነው። በደንቆሮ ደጋ ላይ ዘመናት ያስቈጠረ ረግረግ ተገኝቶ ቢቈፈር ግን ነገሩ ሌላ ነው።