ቀበሌያችንን መጨረሻ የመረጥነው መቼ ነው? ስለ አካባቢ ምርጫ ማወቅ ያለብን

ላንጋኖ ዳር ቆመን ስናየው ውሃው አንድ ነው። አስተዳደሩ ግን አንድ አይደለም። በምዕራብ በኩል ያለው ዳርቻ የምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ የአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ነው። ወደ ደቡብ ዞር ስንል ደግሞ ምዕራብ አርሲ ዞን፣ አርሲ ነገሌ ወረዳ እንገባለን። በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር ሰው የመንገድ፣ የውሃ ወይም የትምህርት ቤት ጥያቄ ሲኖረው፣ እንደሚኖርበት ዳርቻ የሚሄድበት ቢሮ ይለያያል።

እነዚህን ወረዳዎችና ቀበሌዎች የሚመሩት ምክር ቤቶች በሕጉ መሠረት በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው። ታዲያ መጨረሻ የመረጥናቸው መቼ ነው? እስኪ ከመጀመሪያው እንየው።

🔹 የአካባቢ ምርጫ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን “ምርጫ” ሲባል የሚመጣልን ጠቅላላ ምርጫው ነው። እሱ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት (በእኛ ለጨፌ ኦሮሚያ) የሚደረገው ነው። የአካባቢ ምርጫ ከዚያ ወደ ታች ያለው ነው፤ የወረዳ፣ የከተማ፣ የክፍለ ከተማ እና የቀበሌ ምክር ቤቶች የሚመረጡበት። በኦሮምኛ ወረዳውን “አና”፣ ቀበሌውን “ገንዳ” የምንለው ማለት ነው። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው።

ሕገ መንግሥቱም ይህን ነገር አልዘለለውም። አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። አንቀጽ 38 ደግሞ በየትኛውም የመንግሥት ደረጃ በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ያስቀምጣል።

🔹 ምን ይሠራሉ?

የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮሚያን ጨምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል በጀት ይመደብላቸዋል። ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ለጤና ጣቢያ፣ ስንቱ ለመንገድ ይዋል የሚለው ክርክር መካሄድ ያለበት እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ነው።

ቀበሌ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። መታወቂያ፣ የነዋሪነት ማስረጃ፣ የጎረቤት ክርክር የሚታይበት ማኅበራዊ ፍርድ ቤት... ቀበሌ የተፈጠረው በደርግ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጆች ነው። መንግሥት ተቀየረ፣ ሕገ መንግሥት ተቀየረ፣ ቀበሌ ግን እስከ ዛሬ አለ።

🔹 መቼ መቼ ተካሄደ?

የቅርቦቹ ሁለት ናቸው።

▪️ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፡ በሁለት እሑዶች፣ ሚያዝያ 5 እና 12 ተካሄደ። ከምርጫው በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር በአንድ ቀበሌ እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። በአገር ደረጃ የሚሞላው መቀመጫ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ ከገዢው ፓርቲ በቀር ማንም የሚችለው አልነበረም። ኦሮሚያ ውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው ኦፌዴን (የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) ዕጩዎቼ ጫና ደረሰባቸው ብሎ ከውድድሩ ወጣ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መቀመጫ ወሰዱ።

▪️ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም.፡ እንደገና በሁለት እሑዶች፣ ሚያዝያ 6 እና 13። በዚህኛው 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው እኩል አይደለም ብለው ሳይሳተፉ ቀሩ። ውጤቱም ያው ሆነ።

🔹 ከዚያስ?

ከዚያ በኋላ የመጣው ማራዘም ነው። ቀጣዩ በ2010 መካሄድ ነበረበት፤ በወቅቱ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት ተራዘመ። በ2011 ከጠቅላላ ምርጫው ጋር አብሮ ይካሄድ ተባለ። ጠቅላላ ምርጫው ራሱ በ2012 በኮሮና ምክንያት ተገፋ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች የከተማቸውን ምክር ቤት መረጡ። አዳማ ወይም ባቱ ላይ የመረጠ ሰው ግን ለተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ እንጂ ለከተማው ምክር ቤት አልመረጠም። ለቀበሌውም እንደዚያው።

እንግዲህ እንቁጠር። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ከሚያዝያ 1987 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ የአዳማ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌ ወይም የሻሸመኔ ልጅ በ2005ቱ ምርጫ ዕድሜው አልደረሰም። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባት አግብቶ ወልዶ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ተወካዩን መርጦ ግን አያውቅም። ይህን ከምታነቡት ቤተሰቦቻችን አብዛኛዎቻችሁ እዚህ ውስጥ እንዳላችሁ እንገምታለን።

🔹 ሌላ አገር እንዴት ነው?

ለምሳሌ እንግሊዝን እንይ። የማንችስተር ከተማ ምክር ቤት 96 አባላት አሉት። ከተማዋ በ32 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፍላ ከእያንዳንዱ 3 ሰው ይመረጣል። በአብዛኛው በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው መቀመጫ ለምርጫ ይቀርባል፣ በአራተኛው ዓመት እረፍት ነው። እዚያም ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም፤ ለአካባቢ ምርጫ የሚወጣው ሰው ከጠቅላላ ምርጫው በጣም ያንሳል። ግን ቆሻሻው ሳይነሳለት የቀረ ነዋሪ የሰፈሩን 3 ተወካዮች በስም ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፣ ቀጣዩ ምርጫም ሩቅ አይደለም። 96 እና 3.5 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥርም አስተያዩት። የተወካይ መብዛት ብቻውን ተጠያቂነትን አያመጣም።

🔹 እኛስ ምን እናድርግ?

የምርጫ አዋጁ (1162/2011) የአካባቢ ምርጫን እንደ አንድ የምርጫ ዓይነት በግልጽ አስቀምጦታል። የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ እንዳንደናገር እነዚህን እንያዝ፦

✅ ለመምረጥ፡ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር።
✅ ለመወዳደር፡ 21 ዓመት መሙላት። አዎ፣ እናንተም መወዳደር ትችላላችሁ።
✅ ለሥራ ከቦታ ቦታ የምትዘዋወሩ፣ 6 ወሯን አስቡባት፤ የነዋሪነት ማስረጃችሁንም አስተካክሉ።

እስከዚያው ግን አንድ ቀላል ነገር አለ። ነገ ለጉዳይ ቀበሌ ስትሄዱ “የምክር ቤቱ አባላት እነማን ናቸው? መጨረሻ የተሰበሰቡትስ መቼ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለበትም። የተነገራችሁን ደግሞ ከነቀበሌያችሁ ስም በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፣ አብረን እናየዋለን።