አምስት መርከቦች፣ አንድ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ ለሰው ልጅ የተነገረ ቢሆንም ለመርከቦችም የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። መርከብ ትሠራለች፣ ታገለግላለች፣ በመጨረሻም ትሰምጣለች ወይም ተሰባብራ ብረቷ ይሸጣል፤ ስሟ ግን ወደ ሌላ መርከብ ይሻገራል። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ አምስት መርከቦች በየተራ የተሸከሙት «አርክ ሮያል» የተባለው ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። «አርክ» የሚለው ቃል የኖኅን መርከብም የቃል ኪዳኑን ታቦትም ያመለክታል፤ በግእዙ ኦሪትም የኖኅ መርከብ «ታቦት» ተብላለች። «ሮያል» ማለት ደግሞ ንጉሣዊት ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያይቱ በ1587 በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በዴፕትፎርድ የተሠራች ባለሸራ መርከብ ናት። ያሠሯት ሰር ዎልተር ራሌይ ስለ ነበሩ በቅድሚያ «አርክ ራሌይ» ተባለች። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ5,000 ፓውንድ ሲገዟት ስሟ ተለወጠ፤ ገንዘቡም በራሌይ እጅ አልገባም፤ ለዘውዱ ከነበረባቸው ዕዳ ላይ ተቀነሰላቸው እንጂ። በ1588 የስፔን ታላቅ የጦር መርከቦች ጓድ እንግሊዝን ሊወር በመጣ ጊዜ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሎርድ ሃዋርድ የተሳፈሩባት ዋና መርከብ እርሷ ነበረች። ፍጻሜዋ ግን እንደ ዝናዋ አልሆነም። ለንጉሥ ጄምስ ባለቤት ክብር «አን ሮያል» ተብላ ስሟ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1636 በቴምዝ ላይ የገዛ መልሕቋ ሆዷን በስቷት ሰመጠች። የጠላት መድፍ ያልቻላትን የራሷ መልሕቅ ቻላት።

ከዚያ በኋላ ስሙ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ ቆየ። በ1914 የባሕር ኃይሉ ለጭነት ሥራ የተጀመረች አንዲት መርከብ ገና በመሠራት ላይ ሳለች ገዝቶ፣ ንድፏን ለውጦ፣ በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ተሸካሚ አደረጋት። በ1915 በጋሊፖሊ ዘመቻ ተሰለፈች። ከእኛ አካባቢ ታሪክ ጋር የምትገናኘውም ይህችው ሁለተኛይቱ «አርክ ሮያል» ናት። እንግሊዞች በ1920 መጀመሪያ ላይ በሶማሌላንድ ለሃያ ዓመታት የተዋጓቸውን ሰይድ ሙሐመድ አብዱላሂ ሐሰንን ለመምታት ያሰለፏቸውን አሥራ ሁለት አውሮፕላኖች ወደ በርበራ ያደረሰች እርሷ ነበረች። የደርቪሾቹ ምሽጎች ከአየርና ከምድር ተመቱ፤ ሰይዱም ወደ ኦጋዴን ሸሽተው በዚያው ዓመት መጨረሻ በኢሚ ሞቱ። ስለሆነም በአንድ ሀገር በኩራት የሚነሣ ስም በሌላው ዘንድ የቦምብ ትዝታ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በ1934 ስሙ ለአዲስ መርከብ እንዲለቀቅ ሲባል ይህች መርከብ «ፔጋሰስ» ተባለች።

ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ የታወቀችው በ1937 ወደ ውሃ የወረደችው ሦስተኛይቱ ናት። ይህች አውሮፕላን ተሸካሚ በጦርነቱ የመጀመሪያ ወር ሰምጣለች ብለው ጀርመኖች በሐሰት ለዓለም አውጀውባታል። በግንቦት ወር 1941 አውሮፕላኖቿ «ቢስማርክ» የተባለችውን ግዙፍ የጀርመን የጦር መርከብ ፍለጋ ሲወጡ በስሕተት የራሳቸውን ወገን መርከብ «ሼፊልድ»ን አጠቁ። እንደ ዕድል ሆኖ የቶርፒዶዎቹ ማግኔታዊ ማፈንጃ በሚገባ የማይሠራ ነበረና መርከቧ ተረፈች። ጉድለቱ በዚህ ስለ ታወቀ ማፈንጃው በሌላ ዓይነት ተተካ፤ በሁለተኛው በረራ አንድ ቶርፒዶ የ«ቢስማርክ»ን መሪ መታ። መሪዋ የተሰናከለው መርከብም በማግስቱ ሰመጠች። እንግዲህ ዝነኛው ድል የተገኘው ከስሕተት በቶሎ በመማር ነው።

ይኸው ብልሃት ግን ለመርከቧ ለራሷ አልደረሰላትም። በኅዳር 13 ቀን 1941 ከጂብራልታር ብዙም ሳትርቅ ከአንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በተተኮሰ አንድ ቶርፒዶ ተመታች። በፍንዳታው የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካፒቴን ሎበን ሞንድ የሰዎቻቸውን ሕይወት አስቀድመው መርከቧ እንድትለቀቅ አዘዙ፤ 1,487 ሰዎችም ወደ ሌላ መርከብ ተሻገሩ። ነገር ግን ውሃውን ለመግታት ሥራ የተጀመረው ከሃምሳ ደቂቃ ያህል በኋላ ነበር። ውሃው ቦይለሮቹ ወደሚገኙበት ክፍል ሲደርስ እንፋሎት ቆመ፤ እንፋሎት ሲቆም ዲናሞዎቹ ቆሙ፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ፓምፖቹ ከንቱ ሆኑ። በማግስቱ ጧት ተገልብጣ ሰመጠች።

የጦር ፍርድ ቤቱ በ1942 አዛዡን በቸልተኝነት ጥፋተኛ ሲያደርግ፣ ዋና አሳባቸው ለሰዎቻቸው ደኅንነት እንደ ነበረም መስክሯል። ሌላው መርማሪ ኮሚቴ ደግሞ ወደ ንድፉ ተመለከተ፤ መጠባበቂያ የኃይል ምንጭ አለመኖሩን እንደ ከባድ ጉድለት ቈጠረ፤ የክፍልፋዮቹም አሠራር እንዲሻሻል አሳሰበ። የአንድ ሰው ጥፋትና የንድፍ ጉድለት ተለያይተው መመርመራቸው ለማንኛውም የሙያ ሰው ትምህርት ነው፤ አንዱ ሌላውን ሊሸፍንበት አይገባምና።

አራተኛይቱ በ1955 አገልግሎት ጀምራ በ1979 ተሰናበተች። አምስተኛይቱ «ኢንዶሚተብል» ልትባል ታስባ ሳለ፣ ሕዝቡ ለቀድሞው ስም ካለው ፍቅር የተነሣ «አርክ ሮያል» ተብላ በ1985 አገልግሎት ጀመረች፤ በ2011 ከአገልግሎት ወጥታም በቱርክ ሀገር ተሰባበረች። የሦስተኛይቱ ስብርባሪ በ2002 በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ጥልቀት ተገኝቷል።

ስምን ማውረስ ቀላል ነው፤ በአዲሱ መርከብ ግንባር ላይ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። የሚከብደው ስሙን የተሸከሙት ሲወድቁ ያስተማሩትን ማውረስ ነው። መዝገብ የሚጻፈው፣ ምርመራም ያለ ይሉኝታ የሚካሄደው ለዚሁ ነው። ከመቃብር በላይ መዋል የሚገባው ስም ብቻ አይደለም፤ የመቃብሩ ምክንያትም ጭምር እንጂ።