ማስታመምና ማስታገስ፤ የነባር ሕመም ቃላት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ የሕመም ቃላት ሕዝቡ ከሕመሙ ጋር እንዴት እንደኖረ ያስረዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በየዕለቱ የሚመላለሰውን የወገብ፣ የጉልበትና የመገጣጠሚያ ሕመም የምንጠራባቸውን ቃላት ነው፤ ከእነርሱም ጋር ሰው ያለ መድኃኒት ሕመሙን ችሎ ለመኖር ሲፈጽማቸው የቆዩትን ተግባሮች ስሞች እንመለከታለን። የምንደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። አማርኛ «ማዳን»ን ከ«ማስታመም» የለየ ቋንቋ ነው፤ ይህም ልዩነት በሕክምና ስያሜ ሥራ ሊዘነጋ አይገባውም።

አብዛኞቹ የሕመም ስሞቻችን ከግስ የወጡ ናቸው። «ውጋት» ከ«ወጋ»፣ «ቁርጠት» ከ«ቆረጠ»፣ «ፍልጠት» ከ«ፈለጠ»፣ «ራስ ምታት» ከ«መታ»፣ «ጥዝጣዜ» ከ«ጠዘጠዘ» ተገኝተዋል። ጦሩ፣ ቢላዋው፣ ምሣሩና ዱላው በስሞቹ ውስጥ ይታያሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን «ቁርጥማት» ነው፤ ሥሩ ቆሎን ወይም ሌላ ጠንካራ ነገርን በጥርስ መስበርን የሚያመለክተው «ቆረጠመ» ነው። አውሮፓውያን «ሩማቲዝም» የሚሉት ቃል ፍሰት ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የመነጨ ነው። በእኛም ዘንድ የሚነገረው «ሪህ» ነፋስ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ሪሕ» የመጣ ይመስላል። ግሪኩ የሚፈስ ነገርን፣ ዐረቡ የሚነፍስ ነገርን ሲያስብ፣ አማርኛ ተናጋሪው አጥንቱን የሚቆረጥም ጥርስ ተሰምቶታል።

ሰዋስዉም የራሱ ምስክርነት አለው። «ወገቤን ያመኛል» ስንል ታማሚው ተሳቢ ነው፤ አድራጊው ግን በስም አይጠራም። «ይወጋኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ይለበልበኛል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ቃላት ለሐኪም ተራ ማማረሪያ አይደሉም። ካናዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮናልድ መልዛክ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 የእንግሊዝኛ ገላጭ ቃላትን በ20 ምድብ ከፍሎ የሕመምን ዓይነትና ብርታት መለኪያ አድርጓቸዋል። ስለዚህ የሚወጋውን ከሚለበልበው፣ የሚፈልገውን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው የሚፈልጠውን ከሚጠዘጥዘው ለይቶ በመዝገበ ቃላት ማስፈር ለቋንቋም ለሕክምናም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ወደ ተግባሮቹ ስንመለስ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሕመምን የሚያቀሉበት ስልት በአብዛኛው በእጅና በሙቀት ላይ የቆመ እንደ ነበር እናያለን። «ማሸት»፣ ጨው አሙቆ በጨርቅ «መተኮስ»፣ ወገብን በመቀነት «መታጠቅ»፣ በወጌሻ «መታሸት»፣ በቀንድ የሚሳበው «ዋግምት»፣ በፍል ውሃ «መዘፍዘፍ» የዚህ ስልት ስሞች ናቸው። ፍል ውሃ በታሪካችን የያዘው ስፍራ ቀላል አይደለም። የአፄ ምኒልክ መናገሻ በእንጦጦ ብርዳማ ከፍታ ላይ በነበረበት ዘመን፣ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ፊንፊኔ ይባል ወደ ነበረው ሜዳ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር። ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል በ1879 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን «አዲስ አበባ» አሉት። ዋና ከተማችን አመሠራረቷ ሰውነትን ከሚያፍታታ ሙቅ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህ ልማዶች የትኞቹ ዛሬም ይደገፋሉ? መልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የመዳሰስን ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ሲነቃቁ የሕመሙ መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል የማለፍ ኀይሉ ይቀንሳል። የተመታን ክንድ ወዲያው የምናሸውም ስለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ስለ ነባር የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ታማሚውን ማስተማርን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ማሸትን ደግፏል፤ የወገብ መታጠቂያን ግን በመደበኛ ሕክምናነት አልደገፈም። ስለዚህ «ማሸት» ሲጸና፣ መቀነት ለወገብ ሕመም መፍትሔነቱ ያጠራጥራል። «ሰውነትን ማፍታታት» የሚለው አነጋገርም በእውቀት የተደገፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ «እጅ እግሬ ተሳሰረ» ላለ ሰው መልሱ መተኛት ሳይሆን የታሰረውን መፍታት ነውና። በቆዳ ላይ ምላጭ የሚያሳርፈው ዋግምት ግን ደም ወለድ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከማሸት ጋር በአንድ ዐይን አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንድረስ። «ማዳን» በሽታውን ማራቅ ነው። «ማስታገስ» ግን ሥሩ «ታገሠ»፣ በግእዝም «ተዐገሠ» ነው። ስለዚህ «ማስታገሻ» በቀጥታ ትርጉሙ የሚያስታግሥ፣ ሕመምተኛው ትዕግሥት እንዲያገኝ የሚያደርግ ነገር ነው እንጂ ፈዋሽ ማለት አይደለም። «ማስታመም» ደግሞ ከራሱ ከ«ሕመም» ሥር የተገኘ ነው፤ ከታመመው ጎን ሆኖ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማገላበጥ፣ ማሸት ሁሉ በውስጡ አለ። ብዙ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ «ማስታገሻ ብቻ ሰጡኝ» ብሎ ያዝናል። ቃሉ ግን ከመጀመሪያው የተናገረው ይህንኑ ነበር።

በጽሑፍ የተለመደው «ሥር የሰደደ በሽታ» የሚለው ስያሜ በዚህ ረገድ ያሳስበናል። ሥር ያለው ነገር የሚነቀል ነው፤ ስያሜውን የሰማ ሰው ነቃዩን መድኃኒት ሲፈልግ ገንዘቡንና ጊዜውን ይጨርሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ግን ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም የሚመላለስን ሕመም ለብቻው መድቦታል፤ ከእነዚህም አንዳንዱ ሌላ ተነቃይ ምክንያት የሌለው፣ ራሱ በሽታ የሆነ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው «ነባር ሕመም» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ ነባር ሰው ከቤቱ ባይወጣም ጠባዩን አውቀው አብረውት ይኖራሉና። ታማሚው በየዕለቱ በእንቅስቃሴ፣ በሙቀት፣ በማሸትና ሥራን ከዕረፍት ጋር በማመጣጠን ለራሱ የሚያደርገውን ደግሞ «ራስን ማስታመም» ብንለው ቃሉም ትርጉሙም የራሳችን ይሆናል።

ይህ ሲባል ሁሉን ሕመም ዝም ብሎ ማስታመም ይገባል ማለታችን አይደለም። ትኩሳት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መድከም፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ያለበት ሕመም ሳይዘገይ ለሐኪም መታየት አለበት። ከተመረመረ በኋላ አብሮን የሚኖር መሆኑ ለተረጋገጠው ግን ቋንቋችን የሚጠራበትን ቃል አስቀድሞ አዘጋጅቶልናል። የስያሜ ሠራተኛው ድርሻ ቃሉን ከቤት አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።