የእንጦጦ ማርያም ጠበል

የእንጦጦ ማርያም ጠበል ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኝ የፈውስ ውኃ ነው። ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉበት ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር እየመጡ የሚጠመቁበት ቦታ በመሆን ታውቋል።

ስያሜ

«ጸበል» በግዕዝ ትቢያ ማለት ነው። በአማርኛ «ጠበል» ወይም «ጸበል» የተቀደሰ ውኃን ያመለክታል፤ ለዝክር የተዘጋጀ ምግብና መጠጥም በዚሁ ስም ይጠራል።

እምነትና ሥርዓት

በምእመናን ዘንድ የሚፈውሰው ውኃው ራሱ ሳይሆን ጠበሉ የተሰየመባት የእመቤታችን ቃል ኪዳን ነው። ተጠማቂው ማለዳ ምግብ ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ ይቀርባል፤ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይጠመቃሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትገባም፤ ባለትዳሮችም ከሩካቤ ይታቀባሉ። ቡዳ፣ ዛር ወይም ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ሲጠመቅ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል። አጥማቂው ካህን በመስቀል እየዳሰሰ መንፈሱን ማንነቱንና እንዴት እንደያዘው ይጠይቀዋል፤ እንዲወጣም ያዘዋል። ከጥምቀት በኋላ ጠበል ይጠጣል፣ «እምነት» የሚባለው የተባረከ አመድ ይቀባል። ብዙዎች ሱባኤ ይዘው ይቆያሉ፤ ሕመም የጸናባቸው በአቅራቢያው ቤት ተከራይተው ለወራት ይሰነብታሉ። ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ለዘመድ በጀሪካን ጠበል ይዞ ይሄዳል።

ጠበልና መድኃኒት

በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በጠበሉ ቦታ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ቢወስድ እምነት እንደ ማጉደል ይቆጠራል የሚሉ ነበሩ፤ በዚህም ምክንያት መድኃኒት ያልጀመሩና ጀምረው ያቋረጡ ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ይገታል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ እንደማይቃረኑ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉም በይፋ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አስማምተው የሚይዙ፣ ክኒናቸውንም በጠበል የሚውጡ ሕሙማን አሉ።