ሴባስቶፖል ከየት ተነሳ? የ«ፕላስ ሲ» ነገር



የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የሚያማርሩባት አንዲት ፊደል አለች፤ አንቲዴሪቬቲቭ ሲሠራ መጨረሻ ላይ የምትደመረው «ሲ»። ምን ትሠራለች? መልሱን ከራሳችን አገር ታሪክ እንፈልገው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ገደማ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ትልቁ ሸክማቸው የጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ያቀለጡት ሴባስቶፖል ነበር፤ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ለእንዲህ ያለ ጭነት የሚሆን መንገድ አልነበረም። ቋጥኙ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ ንጉሡም ራሳቸው እየሠሩ በሰው ጉልበት ተጎተተ። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ፣ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። አምስት ወር ተኩል ገደማ! ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው የጉዞውን ፍጥነት ብቻ መዝግቦልን ቢሆንስ? ለምሳሌ ያህል (ቁጥሩ የኔ ነው፣ የታሪክ አይደለም) ሳምንቱን «ጊ» ብንለውና ፍጥነቱ በሳምንት 4 + 2ጊ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ አንቲዴሪቬቲቩ 4ጊ + ጊ² + ሲ ነው። በ3 ሳምንት 12 + 9፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ግን የት ደረሰ? ከፍጥነቱ ብቻ አይታወቅም። ከደብረ ታቦር የተነሳም፣ ከጋይንት የተነሳም እኩል 21 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቩ ዜሮ ስለሆነ ፍጥነቱ ውስጥ ምልክቱን አይተውም።

መቁጠር ስንጀምር መድፉ ከደብረ ታቦር 10 ኪሎ ሜትር ርቆ እንደነበር ካወቅን ግን ነገሩ አለቀ፤ ጊ ዜሮ ሲሆን ርቀቱ 10 ስለሆነ ሲ = 10። በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ 31 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ብዙዎች «የመነሻ ሁኔታ» የሚለውን ስም ሰምተው የግድ መነሻው መታወቅ ያለበት ይመስላቸዋል። አይደለም። አንድ የታወቀ ነጥብ ይበቃል። በ3ኛው ሳምንት 31 ላይ ነበር ብትባሉ፣ 31 ሲቀነስ 21፣ ያው 10 ይወጣል። መድረሻውን የያዘ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ ደብረ ታቦርን ያገኛታል።

ከዚህ ጉዞ 8 መቶ ዓመት በፊት ኢብኑል ሀይሠም የፓራቦላን ሽክርክር ይዘት በድምር ሲያሰላ «ሲ» አላስቸገረችውም፤ ከየት እስከ የት እንደሚደምር አስቀድሞ ወስኖ ነበርና።