ከንግሥት እሌኒ እስከ ተረከዝ አልትራሳውንድ

የሆሳዕናው ሆስፒታል በስማቸው የተጠራው የሐድያዋ ንግሥት እሌኒ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእርጅናቸው ለሕፃኑ ለአፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር መርተዋል። ብዙ አሮጊቶችን ከሥራ የሚያስቀር ስብራት ነው።

እናቶቻችን አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የእንሰት አሚቾ ቀቅለው ያበላሉ። የአጥንትን መሳሳት ከስብራት በፊት መለካት ግን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር ክርስቲያን ላንግተንና ባልደረቦቹ የአልትራሳውንድ ሞገድ በተረከዝ አጥንት ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚዳከም ለኩ። ዘዴው ጨረር የለውም፤ መሣሪያውም ከቦታ ቦታ ይጓጓዛል። ሆኖም ስጋትን ይጠቁማል እንጂ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም።

የወር አበባ ካቆመ በኋላ አጥንት ቶሎ ይሳሳል። ስለዚህ በቀላል አወዳደቅ የተሰበረች እህታችን «እርጅና ነው» ተብላ ቤት አትቅር፤ ወደ ሐኪም እንውሰዳት።