አሰብን ወደብ ያደረገው ምንድን ነው?

ስለ ባሕር በር የሚደረገው ሙግት ከ2023 ወዲህ እንደገና ተጋግሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተሟጋቾቹ ሕግ ይጠቅሳሉ፤ ታሪክ ይጠቅሳሉ። ስለ ምድሩ ግን እምብዛም ሲነሣ አልሰማም። ለመሆኑ ያ የምንሟገትበት ጠረፍ ምን ዓይነት አገር ነው?

ከምጽዋ በስተ ደቡብ እስከ አሰብና እስከ ጅቡቲ ወሰን የሚዘረጋው የደንከል ጠረፍ ጠባብ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። በ1861 ዱቢ፣ በ2011 ደግሞ ናብሮ ፈንድተው የሰው ሕይወት ቀጥፈዋል። ዝናቡ እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የለውም። አዋሽ እንኳ ከሸዋ ተነሥቶ ያን ሁሉ በረሃ ካቋረጠ በኋላ ባሕሩን ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በጠረፉና በደጋው መካከል ያለው የዳሎል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። የአክሱም ነገሥታት ንግድ በአዱሊስ፣ የኋለኞቹም በምጽዋና በዘይላ መውጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሁሉም ይህን በረሃ ወደ ጎን ትተው ነው ያለፉት።

እንግዲህ አሰብን ወደብ ያደረገው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም። የስዌዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ጁዜፔ ሳፔቶ የተባለው ጣሊያናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ባሕረ ሰላጤ ከአካባቢው የአፋር ሱልጣኖች ገዛ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው። በ1930ዎቹ ከደሴ የሚወርደው መንገድ ተሠራ፤ በ1960ዎቹ የነዳጅ ማጣሪያው ተጨመረ። በረሃውን ወደብ ያደረጉት ቦዩና መንገዱ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጠረፉ የኤርትራ የሆነው በ1993 ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በአሰብ መመላለሱን አላቋረጠም። ወደቡ ባዶ የቀረው በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ ነው። ባሕሩም መንገዱም በየቦታቸው ነበሩ፤ የጠፋው ሰላሙ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዛሬም እኔ በምኖርበት በቦሌ በኩል፣ በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ በመርከብ የሚወጣው በዚያው ነው።

ስለዚህ «አሰብን በኃይል» የሚሉ ወገኖች ይህን ይመልሱልኝ፤ ወደቡን የዘጋው ጦርነት ሆኖ ሳለ ጦርነት እንዴት ይከፍተዋል? ደግሞስ ያን ምድር ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፋፍሎ የሚኖረው የአፋር ሕዝብ ምን ይላል? በ1869 የመጣው ባዕድ ገዢ እንኳ ለራሱ ጥቅም ሲል ከአፋር ሱልጣኖች ጋር መዋዋል ግድ ሆኖበት ነበር። እኛ የገዛ ወገናችንን ሳንጠይቅ ስለ ደጃፉ ብንማማል ትርፉ ምንድን ነው?